ከመገናኛ እስከ መስቀል አደባባይ፦ የጉዞ ሰዓትን በዋይፋይና በብሉቱዝ ሲግናል መለካት ይቻላል?

ሰናይት_መ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ከመገናኛ እስከ መስቀል አደባባይ ያለውን ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የጉዞ ሰዓት ለመለካት ዝግጅት ላይ ነን። የሚፈለገው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አንድ ተሽከርካሪ ይህን መንገድ በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ በየ15 ደቂቃው ማወቅ ነው። አራት ሴንሰር ታስቧል፦ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤልና መስቀል አደባባይ። ሴንሰሩ ስልኮች ዋይፋይ ሲፈልጉ የሚለቁትን ጥሪ ሰምቶ የማክ አድራሻውን (እያንዳንዱ መሣሪያ በአየር ላይ የሚታወቅበትን መለያ ቁጥር) እና ሰዓቱን ይመዘግባል። ያው አድራሻ ቀጣዩ ቦታ ላይ ሲታይ በመካከል ያለው ጊዜ የጉዞ ሰዓት ይሆናል። በዚያው ሰዉንም እንቆጥራለን ብለናል።

ዕቃው ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር)፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አስማሚ፣ 9 ዲቢአይ (የአንቴና ጉልበት መለኪያ ነው) አንቴና እና 12 ቮልት ባትሪ ነው። ሶፍትዌሩ ኪስሜት ወይም ቲሲፒደምፕ፣ ሲግናሉን የሚቀዱ ፕሮግራሞች። ይህ ይሠራል? የማክ አድራሻውን በሻ-256 ሃሽ አድርገን (ወደ ሌላ ቁጥር በሚቀይር ስሌት አሳልፈን) ብናስቀምጥ ለሰው ምስጢር ይበቃል? መብራት ሲጠፋስ? የምታውቁ ብትረዱን።


ኪሎኸርዝ

ሰናይት፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቅዱ የቆመበትን መሠረት እዩት። ስልክ ዋይፋይ ሲፈልግ እውነተኛ ማክ አድራሻውን የሚናገርበት ጊዜ አልፏል። አፕል በአይኦኤስ 8 (እ.ኤ.አ. 2014) ቅኝት ላይ የውሸት አድራሻ መጠቀም ጀመረ። አንድሮይድ 10 (2019) እና አይኦኤስ 14 (2020) ደግሞ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኙ እንኳ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የተለየ አድራሻ መስጠትን መደበኛ አድርገውታል። መገናኛ ላይ የሰማችሁትን አድራሻ ያው ስልክ ኡራኤል ሲደርስ አታገኙትም።

ይህን በራሳችሁ ለማረጋገጥ ቀላል ነው። አንዱን አስማሚ ሞኒተር ሞድ (ሳይገናኝ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ የሚሰማበት) ላይ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ቅዱና የአድራሻዎቹን ሁለተኛ ምልክት ተመልከቱ። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ባይት ውስጥ ከቀኝ ሁለተኛዋ ቢት 1 ሆናለች። አብዛኛው ዝርዝራችሁ ከዚህ ወገን ሆኖ ታገኙታላችሁ። እነዚህ ለማዛመድ ስለማይጠቅሙ ሃሽ ማድረጉ ትርጉም የለውም፣ እዚያው ይጣሉ።

ሰው መቁጠሩም በዚሁ ምክንያት ይወድቃል። ካፌ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ አድራሻ ይለውጣል፤ ቁጥሩ የሚያድገው ሰው ስለበዛ ሳይሆን ስልኮቹ ቶሎ ቶሎ ስለፈለጉ ነው። ቁልፍ ስልክ የያዘው መንገደኛ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በዚህ ላይ ስክሪኑ የጠፋ ስልክ ደቂቃዎች ዝም ሊል ስለሚችል በ30 ሰከንድ ከፊታችሁ የሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ያሉት በሙሉ ሳይሰሙ ሊያልፉ ይችላሉ።

«ለንደን ሠርቶ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ሠርቷል፣ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከኅዳር 21 እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) በምድር ውስጥ ባቡሩ 54 ጣቢያዎች ላይ ሞክሮ ከ5.6 ሚሊዮን መሣሪያዎች 509 ሚሊዮን መዝገብ ሰብስቧል፤ ከዚያም ወደ 42 ሚሊዮን ጉዞ ማውጣት ችሏል። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ዋተርሉ የሚሄደው ሰው 18 የተለያዩ መንገዶችን እንደሚጠቀም፣ 40 በመቶ ገደማው ደግሞ ከሁለቱ ዋነኛ መንገዶች ውጭ እንደሚሄድ የታወቀው በዚያ ነው። ጣቢያዎቹ ውስጥ ግን የራሳቸው ዋይፋይ ተዘርግቷል፣ የሕዝቡም ስልክ በዚያ ኔትወርክ ተመዝግቧል። አንድ ስልክ ለአንድ ኔትወርክ የሚሰጠው አድራሻ ስለማይቀያየር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይከተሉታል። ቲኬት ደግሞ መግቢያና መውጫውን ስለሚነግራቸው የዋይፋዩን ቁጥር የሚያስተካክሉበት ሌላ እውነት በእጃቸው ነበር። እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሰው ስልክ ስታዳምጡ ሁለቱም የላችሁም።

9 ዲቢአይ አንቴናውንም ተዉት። ሩቅ በሰማ ቁጥር «እዚህ አለፈ» የምትሉበት ቦታ ይሰፋል፤ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ፣ ማዶ ያለው ሱቅ፣ የባቡሩ ጣቢያ ሁሉ ይገባበታል። በዚያ ላይ የእንዲህ ያለ አንቴና ጨረር ወደ ላይና ወደ ታች ጠባብ ስለሆነ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ከሥሩ የሚያልፈውን ያጣል። ከ2 እስከ 5 ዲቢአይ፣ በ3 ወይም 4 ሜትር ከፍታ ይበቃል።


ባለአንቴና

ኪሎኸርዝ ያለው ትክክል ነው። የጉዞ ሰዓት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን በር አልተዘጋም፤ ብሉቱዝ አለ። ክላሲኩን ብሉቱዝ ማለቴ ነው፣ የመኪና ቴፕና እጅ ነፃ መነጋገሪያ የሚጠቀመውን። የእነዚህ አድራሻ አይለዋወጥም፤ ብዙዎቹም ለፍለጋ ክፍት ሆነው ይቀመጣሉ። የሂውስተን የትራፊክ ማዕከል ትራንስታር የመንገዶቹን የጉዞ ሰዓት በዚህ ዓይነት ማዛመድ ሲያወጣ ቆይቷል።

ዕቃው ርካሽ ነው፦ ክላስ 1 የሆነ የዩኤስቢ ብሉቱዝ (100 ሜትር የሚባለው) ከውጭ አንቴና ጋር። ራስበሪው ላይ አብሮ የመጣው ብሉቱዝ ለዚህ ደካማ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ብሉቱዝ አንድ ሙሉ የፍለጋ ዙር ለመጨረስ 10.24 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 32 የፍለጋ ፍሪኩዌንሲዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ እያፈራረቀ ስለሚጠራ ነው። ራዲየሱ 100 ሜትር ከሆነ መኪናው 200 ሜትር እየሄደ ይሰማል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 36 ሰከንድ ይቆያል፣ ሦስት ዙር ተኩል ማለት ነው። በ40 የሚሄድ 18 ሰከንድ ብቻ፣ ሁለት ዙር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀርፋፋው መኪና የመመዝገብ ዕድሉ ከፈጣኑ ይበልጣል፤ ይህን ካላስተካከላችሁ መንገዱ ከእውነቱ የባሰ ዝግ መስሎ ይወጣል። ሴንሰሩን መብራት ወይም መጋጠሚያ አጠገብ፣ ሁሉም ቀስ በሚልበት ቦታ ከተከላችሁት ልዩነቱ ይጠባል።

ሎው ኢነርጂ የሚባለው ብሉቱዝ ሌላ ነው። የስልኮቹ አድራሻ በ15 ደቂቃ ገደማ ስለሚለወጥ ለ5 ኪሎ ሜትር አይሆንም።


ያሬድ_ኔት

ለኪሎኸርዝና ለባለአንቴና ጥያቄ አለኝ። አድራሻው ቢለዋወጥም የጥሪው ይዘት ከስልክ ስልክ ይለያያል፣ የቅደም ተከተል ቁጥሩም ይቀጥላል ይባላል። በዚያ የተለዋወጡትን አድራሻዎች መልሶ ማገጣጠም አይቻልም? ከዚያም አልፎ ግንኙነት ላይ ያለ የጆሮ ማዳመጫ የሚለቀው ፓኬት የስልኩን የክላሲክ አድራሻ ከፊል ይዟል። ኡበርቱዝ በሚባለው የብሉቱዝ ማዳመጫ መሣሪያ ይነበባል። ናሙናው በብዙ እጥፍ ያድግ ነበር።


ኪሎኸርዝ

በምርምር ደረጃ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ አንድ ሞዴል ስልክ በብዛት በሚሸጥበት ከተማ የጥሪው ይዘት ሺህ ሰው ላይ አንድ ዓይነት ነው። የቅደም ተከተል ቁጥሩም 12 ቢት ብቻ ስለሆነ 4095 ላይ ደርሶ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያም በላይ አዳዲሶቹ ስልኮች አድራሻውን ሲለውጡ ቁጥሩንም አብረው ይለውጡታል። መገናኛን በሚያህል ቦታ የሐሰት ጥንዶች ክምር ነው የምታገኘው። ሁለተኛ፣ ስልኩ አድራሻውን የሚለውጠው ባለቤቱ እንዳይከተሉት ነው። ያንን ሆን ብሎ ማፍረስ ከትራፊክ ጥናት ወጥቶ ክትትል ይሆናል፣ እኔ በዚያ አልረዳም።

ኡበርቱዙም እንደዚያው። ክላሲክ አድራሻው ስለማይለወጥ ነው ከጆሮ ማዳመጫው ትራፊክ ሊነበብ የሚችለው፤ የሚነበበው ሰውዬው ለማንም ክፍት ያላደረገው ግንኙነት ነው። ለፍለጋ ክፍት የሆነ የመኪና ቴፕ ከዚህ ይለያል። ለጉዞ ሰዓት የሚበቃ ጥንድ ያለዚህም ይገኛል።


የመንገድ_መሐንዲስ

እህቴ ሰናይት፣ ስለ ራዲዮው የተባለው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ መለኪያው ልናገር፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ምን ያህል ጥንድ (በሁለቱም ጫፍ የተያዘ ያው መሣሪያ) እንደሚያስፈልግ አስሉ። በአንድ የ15 ደቂቃ ክፍል ውስጥ የጉዞ ሰዓቱ መበተን (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 3 ደቂቃ ነው እንበል፤ አማካዩን በ1 ደቂቃ ልዩነት በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማወቅ 1.96 በ3 ተባዝቶ፣ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ 35 ጥንድ ገደማ ይመጣል። አሁን ያላችሁን ቁጠሩ። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 600 ተሽከርካሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል ብንል በ15 ደቂቃ 150 ነው። ከእነዚህ 10 በመቶው ለፍለጋ ክፍት ብሉቱዝ ካለው 15። አንዱ ሴንሰር 60 በመቶውን ቢይዝ ሁለቱም የሚይዙት 0.6 በ0.6፣ ማለትም 36 በመቶ ብቻ ነው። 15 በ0.36 ሲባዛ 5.4 ጥንድ። 35 ለመድረስ ተመሳሳይ የሆኑ ሰባት የሥራ ቀናትን ያንኑ ሰዓት መደመር አለባችሁ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ሙከራ ተኩ እንጂ ስሌቱን አትዝለሉት። «በየ15 ደቂቃው፣ በየቀኑ» የሚለው ተስፋ ከዚህ የተነሳ አይያዝም፤ «የማክሰኞ እስከ ሐሙስ የጠዋት ገጽታ» ግን ይያዛል።

ቀጥሎ ምንን ከምን እንደምታዛምዱ። አንድ መሣሪያ አንድ ሴንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ይመዘገባል። የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው ጋር ካዛመዳችሁ መገናኛ ላይ ተሳፋሪ ለመሙላት የቆመበት ጊዜ ሁሉ በጉዞ ሰዓት ውስጥ ይገባል። ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ 20 ደቂቃ ሊቆም ይችላል። የመጨረሻውን ከመጨረሻው ጋር አዛምዱ፤ መነሻውን ለቆ ከወጣበት መድረሻውን ለቆ እስከወጣበት ማለት ነው። መስቀል አደባባይ ላይ የሚያበቁ ሚኒባሶች ስላሉ ደግሞ የመጨረሻውን ሴንሰር ከማውረጃው 200 ሜትር ቀደም ብላችሁ ትከሉት።

ባቡሩን አትርሱ። የምሥራቅ ምዕራብ መስመሩ ይህንኑ ጎዳና ይዞ ነው የሚሄደው፦ መገናኛ፣ ለም ሆቴል፣ ሁለቱ የሃያ ሁለት ጣቢያዎች፣ ኡራኤል፣ ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ። የተሳፋሪው ብሉቱዝ ሴንሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ባቡሩ ደግሞ የመኪናውን መጨናነቅ አያውቀውም። በተጨናነቀ ሰዓት ስርጭቱ ሁለት ጉብታ ካወጣ ፈጣኑ ባቡሩ ነው፤ አማካዩን ከሁለቱ መሐል ማውጣት ማንም ያልሄደበትን ፍጥነት መዘገብ ነው። ሴንሰሩን ከጣቢያዎቹ አርቃችሁ በሁለት ጣቢያ መሐል ትከሉ። ከዚያም በሁለቱም ጫፍ በ5 ሰከንድ ውስጥ አብረው የታዩ ጥንዶችን እንደ አንድ ተሽከርካሪ ቁጠሩ። 12 ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት መሣሪያ ቢገኝ ሦስት መኪና አይደለም። በአንድ ቡድን ውስጥ ብዙ መሣሪያ ካለና ቡድኑ ከቀሪው ትራፊክ ጎልቶ ከፈጠነ ባቡር ነው፤ ለብቻው ይቀመጥ።

ለማጣሪያ ቋሚ ጣሪያ አትጠቀሙ። «ከ40 ደቂቃ በላይ ይጣል» ካላችሁ ዝናብ በጣለበት ቀን እውነተኛውን መጨናነቅ ትቆርጡታላችሁ። ከተመሳሳይ ሰዓት ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ ከሚውለው) በጣም የራቀውን ብቻ ጣሉ፣ ሚዲያኑም ከሰዓቱ ጋር ይንቀሳቀስ። ወለሉ ቋሚ ሊሆን ይችላል፤ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ነውና ከዚያ በታች የሚመጣ ጥንድ ስህተት ነው። አንድ ሴንሰር ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ የሚታይ መሣሪያ የሱቅ ወይም የጥበቃ ቤት ዕቃ ነው፤ ከማዛመዱ በፊት ይውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማነጻጸሪያ ታርጋ የሚጽፉ ልጆች ከቀጠራችሁ ቅጹ ላይ ሰዓቱን እንዴት እንደሚጽፉ ወስኑ። ሴንሰሩ 05:15 ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት) ብሎ የመዘገበው እዚህ ከጠዋቱ 2:15 ነው፤ የኮምፒውተሩ የአገር ሰዓት ደግሞ 8:15 ይላል። ግማሹ ቅጽ 2:15፣ ግማሹ 8:15 ከተባለ የ6 ሰዓት ልዩነት ያለው መረጃ ትቀላቅላላችሁ፤ ሁለቱም የሚያሳምኑ ሰዓቶች ስለሆኑም ስህተቱ ራሱን አያጋልጥም። ቅጹ ላይ በትልቁ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብላችሁ አትሙና ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡ በአንድ ቦታ ብቻ ቀይሩት።


ሰናይት_መ

ኢንጂነር በጣም አመሰግናለሁ፤ ስሌቱን በራሳችን ቁጥር እንሠራዋለን። ባቡሩን ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። ስለ ሃሹ የሚያውቅ ሰው ቢያክልበት።


ሕግና_ዳታ

ሰናይት፣ ሶልት (ከሃሹ በፊት የሚጨመር የዘፈቀደ ቁጥር) የሌለው ሻ-256 አድራሻውን አይደብቅም። ማክ አድራሻ 48 ቢት ነው፣ ማለትም 281 ትሪሊዮን ገደማ ዕድሎች። በሰከንድ 5 ቢሊዮን ሃሽ የሚሠራ የግራፊክስ ካርድ ሁሉንም በ16 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። በተግባር ያን ያህልም አይፈጅም፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች የአምራቹ መለያ ስለሆኑ ለአንድ አምራች መለያ የሚሞከረው 16.8 ሚሊዮን ብቻ ነው፣ ይህ ከሰከንድ በታች ነው። ፋይሉ የደረሰው ሰው አድራሻዎቹን በሙሉ መልሶ ያገኛል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። በየቀኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማዕከላዊው ሰርቨር አዲስ የዘፈቀደ ቁልፍ ያወጣል፤ አራቱም ሴንሰሮች በተመሰጠረ መስመር ይቀበሉታል፤ ቁልፉ ሚሞሪ (ራም) ላይ ብቻ ይቀመጣል፣ ካርድ ላይ አይጻፍም። ሴንሰሩ አድራሻውን በዚያ ቁልፍ በኤችማክ (በቁልፍ በሚሠራ ሃሽ) ያሳልፈዋል፣ ጥሬው አድራሻ እዚያው ይጠፋል። ውጤቱን ደግሞ ቁረጡት። 16 ቢት ብታስቀሩ 65,536 ዕድሎች አሉ፤ በሁለቱም ጫፍ 200 መሣሪያ ቢኖር 200 በ200 ለ65,536 ሲካፈል 0.6 የሐሰት ጥንድ ይጠበቃል። ኢንጂነር ካሰሉት 5.4 እውነተኛ ጥንድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ከባድ ነው። 20 ቢት ብታደርጉት ግን 0.04 ይሆናል፣ ግድ የለም። 20 ቢት ላይ ደግሞ ብዙ አድራሻዎች አንድ መለያ ስለሚጋሩ መለያው ራሱ አንድን መሣሪያ በእርግጠኝነት አይጠቁምም። ጥንዱ ከተሠራ ወይም 2 ሰዓት ካለፈ መለያው ይሰረዝ፤ የሚቀረው ሰዓት፣ ክፍል እና የጉዞ ደቂቃ ብቻ ይሁን።

«ስም የለውም፣ የግል አይደለም» የሚለው ክርክር ሌላ አገር ተሞክሮ ወድቋል። ፓሪስ ላ ዴፋንስ ላይ ጄሲዴኮ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት በሰሌዳዎቹ የአላፊ አግዳሚውን ስልክ ለመቁጠር ሲጠይቅ የፈረንሳይ የዳታ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ከለከለው፤ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በየካቲት 2017 ውሳኔውን አጸናው። አድራሻው በሶልት ሃሽ ቢደረግም ያው ሰው ሲመለስ ይታወቃል፣ ስለዚህ ማንነት አልጠፋም ነው ነገሩ። በኔዘርላንድስ የኤንስኬዴ ማዘጋጃ ቤት በመሐል ከተማው ባደረገው የዋይፋይ ቆጠራ በ2021 የ600,000 ዩሮ ቅጣት ተጥሎበት ውሳኔውን ተቃውሟል። የለንደን ሲቲ አስተዳደር ደግሞ በ2013 የአላፊዎችን ስልክ ይመዘግቡ የነበሩ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ሥራውን እንዲያቆሙ አድርጓል።

እዚህ አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የምትሰበስቡትን፣ የምትሰርዙበትን ጊዜና ተጠያቂውን ሰው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ባለሥልጣኑን አማክሩ። ሴንሰሩ ያለበት ምሰሶ ላይም በአማርኛ የሚነበብ ማስታወቂያ ይለጠፍ፦ ምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚለካ፣ የማይፈልግ ሰው ብሉቱዙን እንዲያጠፋ። ለንደንም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2019 ቋሚውን ሥራ ሲጀምር በጣቢያዎቹ ማስታወቂያ ሰቅሏል።


ሶላር_ቤት

መብራቱን በተመለከተ። ብሉቱዝ ብቻ ከሆነ ፓይ 4 ለምን ያስፈልጋል? ፓይ 4 ከአስማሚ ጋር 5.5 ዋት ይበላል እንበል። 12 ቮልት 18 አምፒር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 216 ዋት ሰዓት ነው፤ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 108። ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኮንቨርተር 15 በመቶ ያባክናል፣ 92 ይቀራል። ለፓይ 4 ይህ 17 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፓይ ዜሮ 2 ከብሉቱዙ ጋር 2 ዋት አካባቢ ከሆነ 46 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ መብራት ቢጠፋ እንኳ ይቆያል።

ከኮንቨርተሩ እስከ ቦርዱ ያለው ገመድ አጭርና ወፍራም ይሁን። ቮልቴጁ በጣም ሲወርድ ፓዩ በትክክል አይሠራም ወይም እንደገና ይነሳል፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ ሶፍትዌር ብልሽት ይፈልገዋል።

ኢንተርኔት ሳይኖር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፓይ ዜሮ የራሱ ሰዓት ስለሌለው ከመጨረሻው ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል፤ መዝገቡ ወደ ኋላ ይቀራል። ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ግጠሙ፤ በቀን የሚስተው ከ0.2 ሰከንድ በታች ነው። ከዜሮ በታች የሆነ የጉዞ ሰዓት ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰዓቱ ነው።

ሚሞሪ ካርዱን ደግሞ ለንባብ ብቻ አድርጉትና የተቆረጡትን መለያዎች በራም ያዙ፤ በየ5 ደቂቃው ወደ ሰርቨር ይላኩ። መብራት ሲቆረጥ ሲጽፍ የነበረ ካርድ ይበላሻል። ይህ ሕግና_ዳታ ካሉት ጋርም ይገጥማል፣ ሴንሰሩ ቢሰረቅ ካርዱ ላይ ምንም የለም።

ሳጥኑ ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት ሲግናል ይዘጋል። ገመዱ ከታች ይግባ፤ ከላይ ከገባ የክረምቱ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ይወርዳል።


ማርታ_ጂአይኤስ

ከቴሌኮም ድርጅቶች ጥቅል መረጃ ቢጠየቅስ? ኦሬንጅ በኮትዲቯር የ5 ሚሊዮን ደንበኞችን 2.5 ቢሊዮን የጥሪና የመልእክት መዝገብ ለተመራማሪዎች ከፍቶ አልነበር? የአቢጃን የአውቶቡስ መስመር ላይ ጥናት ተሠርቶበታል።


የመንገድ_መሐንዲስ

እህቴ ማርታ፣ ለሌላ ጥያቄ ጥሩ ነው። የጥሪ መዝገብ ሰው ከየት ሠፈር ወደ የት ሠፈር እንደሚሄድ ያሳያል፣ ምክንያቱም ስልኩ የየትኛው ማማ ሥር እንደነበር ያውቃል። ሰውዬው ካልደወለ ወይም መልእክት ካልላከ ግን የት እንዳለ አይታወቅም፤ የአንድ ማማ ክልል በከተማ እንኳ ብዙ መቶ ሜትር ነው። በሃያ ሁለትና በኡራኤል መካከል ያለውን መዘግየት በዚህ አታገኙትም።


ሕግና_ዳታ

የማንነቱ ጉዳይም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የስልክ መዝገብ አይቶ 95 በመቶውን ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ ብቻ እንደሚበቃ አሳይቷል። ከድርጅቶቹ መጠየቅ ያለበት ተደምሮ ያለቀ ሠንጠረዥ ነው፤ የግለሰብ መስመር ያለበት ፋይል መጠየቅ የለበትም።


ሰናይት_መ

ዕቅዱን እንዲህ አድርገነዋል። ዋይፋዩ ወጥቷል፣ ሰው መቁጠሩም ቀርቷል። ፓይ ዜሮ 2፣ ክላስ 1 ብሉቱዝ፣ 5 ዲቢአይ አንቴና፣ የሰዓት ሞጁል። በየቀኑ የሚለወጥ ቁልፍ፣ 20 ቢት፣ 2 ሰዓት። ውጤቱ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ለሦስት ሳምንት ተደምሮ ይወጣል። ከመትከላችን በፊት የትኛውን ሙከራ እናድርግ? ሌላው፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው የሚጠብቅበትን ጊዜ በሎው ኢነርጂ መለካት ይቻላል?


ባለአንቴና

ሙከራው፦ ሃያ ሁለት ላይ አንዱን ሴንሰር ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አብሩት፤ በዚያው ሰዓት ሁለት ሰው በእጅ መቁጠሪያ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ይቁጠር። ቋሚዎቹን ካወጣችሁ በኋላ የታዩት መሣሪያዎች ከተሽከርካሪው 5 በመቶ በታች ከሆኑ አራቱን አትግዙ፤ የመሐንዲሱ ስሌት አይደርስም። ከበለጠ መኪና ውስጥ የታወቀ ብሉቱዝ አስቀምጣችሁ 20 ጊዜ አሳልፉትና ሴንሰሩ ስንቱን እንደያዘ ተመልከቱ። ያ ነው 0.6 በሚለው ቦታ የሚገባው። ፍጥነቱን በየጊዜው ለውጡ፣ ቀርፋፋው ምን ያህል እንደሚያዳላ እዚያው ይታያችኋል።

ሎው ኢነርጂ ለሰልፉ የሚሆነው መጠበቁ ከ15 ደቂቃ በጣም ካነሰ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲረዝም አድራሻው መሐል ላይ ስለሚለወጥ ረጅም የጠበቁት ከመረጃው ይወጣሉ፤ ሰልፉ በባሰ ቁጥር አጭር መስሎ ይታያል።


የመንገድ_መሐንዲስ

ለሰልፉ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ለእያንዳንዱ አሥረኛ ሰው የገባበት ሰዓት የተጻፈበት ካርድ ይስጠው፤ ታክሲው በር ላይ ሌላ ልጅ ካርዱን ተቀብሎ የተሳፈረበትን ሰዓት ከሥሩ ይጻፍ። ካርዶቹ ተራ ቁጥር ይኑራቸው፤ ሰልፉን ትቶ የሄደ ሰው ካርዱን ይዞ ስለሚሄድ የጎደለው ቁጥር ስንት ሰው ተስፋ ቆርጦ እንደወጣ ይነግራችኋል፣ ይህን ማንኛውም ሴንሰር አይሰጣችሁም። ካርዱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም ልጅ ሰዓት ጠዋት ሥራ ሲጀመር ከአንድ ስልክ ላይ ይስተካከል።